ኢንዴክሱ ሳይጠየቅ ተፈረደበት፦ «ስፓሻል ኢንዴክስ ትርፉ ድካም ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በዴቨሎፐሮች መካከል ሲዘዋወር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ የቦታ መረጃ በያዘ ዳታቤዝ ላይ ስፓሻል ኢንዴክስ (ነገሮችን ባሉበት ቦታ ቶሎ ለማግኘት የሚሠራ ማውጫ) መሥራት ትርፉ ድካም ነው፤ ኬክሮስንና ኬንትሮስን በሁለት ተራ ዓምዶች አስቀምጦ መደበኛ ኢንዴክስ መጨመር ይበቃል። ጸሐፊው ከወሬ አልተነሡም። የአገሪቱን መድኃኒት ቤቶች የያዘ ሰንጠረዥ ወስደዋል፣ ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ ከቦታ መረጃ ጋር እንዲሠራ የሚያደርገውን ፖስትጂአይኤስን ጭነዋል፣ ጂስት የተባለውን ኢንዴክስ ሠርተዋል፤ «በአቅራቢያዬ ያሉትን አሳየኝ» የሚለውን ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ከኢንዴክሱ በፊትና በኋላ ቢያስኬዱት ጊዜው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ በመነሣት ነጥቦች ይደረድራሉ፦ ጂኦሀሽ (ቦታን በአጭር ኮድ መጻፍ) ይሻላል፣ ዲግሪን በኪሎ ሜትር መንዝሮ መሥራት ይበቃል፣ ማይኤስኪውኤል የተባለውን ሌላ ዳታቤዝ የሚጠቀም ሰው ነገሩን ይርሳው፣ የክልልና የወረዳ ድንበር ሲገባ ኢንዴክሱ እንዲያውም ይብሳል፣ «አምስቱን ቅርብ» ለማግኘት ሁሉንም ማስላት ግድ ነው፣ ለሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም።

ሙከራቸውን አልጠራጠርም። ያዩትን ነው የጻፉት። ኢንዴክሱ በእርግጥ አልሠራም፤ ያልሠራው ግን በጻፉት ኩዌሪ ውስጥ ማንም ስላልጠየቀው ነው። የእሳቸውን ቅደም ተከተል ትቼ ከሙከራው እጀምራለሁ፤ ሌላው ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነውና።

ጊዜው ንቅንቅ ያላለበት ምክንያት

ጸሐፊው ኩዌሪያቸውን እንዳለ አስቀምጠውልናል፤ ይህ ያስመሰግናቸዋል። ብዙ ሰው «ቀርፋፋ ነው» ብሎ ብቻ ያልፋል። ኩዌሪው የእያንዳንዱን መድኃኒት ቤት ርቀት በኤስቲ_ዲስታንስ ያሰላና ከ1,000 ሜትር ያነሰውን ይመርጣል። ስናነበው ምንም አይጎድለውም፤ መልሱም ልክ ነው። ኩዌሪው በምን መንገድ እንደሚሠራ ለሚወስነው የዳታቤዙ ክፍል፣ ለፕላነሩ፣ ግን መውጫ የለውም። ኤስቲ_ዲስታንስ ቁጥር የሚመልስ ፈንክሽን ነው። ቁጥሩ ከ1,000 ማነሱን ለማወቅ መጀመሪያ ቁጥሩ መገኘት አለበት፤ ቁጥሩን ለማግኘት ሰንጠረዡ ውስጥ ያለው ረድፍ አንድ በአንድ መነበብ አለበት። ኢንዴክሱ የያዘው ነገሮቹ ያሉበትን ቦታ ነው፤ እርስዎ ዛሬ ከቆሙበት ነጥብ ምን ያህል እንደሚርቁ አስቀድሞ የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው ኤስቲ_ዲዊዚን ነው። ሁለት ቦታና አንድ ርቀት ይቀበላል፤ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ትልቁ ልዩነት ተጠቃሚው በማያየው በኩል ነው። ፖስትጂአይኤስ ይህን ፈንክሽን ሲያይ የራሱን ቅድመ ሁኔታ ይጨምራል፦ የመፈለጊያውን ነጥብ በተሰጠው ርቀት ልክ ወደ ሳጥን ያሰፋዋል፣ ከዚያ ሳጥን ጋር የሚነካኩትን ብቻ ከኢንዴክሱ ያወጣል፣ ርቀት የሚያሰላው ለእነዚህ ብቻ ነው። ከመላ አገሪቱ መድኃኒት ቤቶች ውስጥ ምናልባት ጥቂት ደርዘን።

ኩዌሪያቸው ላይ ሌላም እንቅፋት አለ፤ እሱ ባይስተካከል ኤስቲ_ዲዊዚንም ብቻውን አያድናቸውም ነበር። ዓምዳቸው የጂኦሜትሪ ዓይነት ነው፣ ቦታን እንደ ጠፍጣፋ ካርታ የሚያይ፤ ውጤቱ በሜትር እንዲወጣላቸው ኩዌሪው ውስጥ የምድርን ቅርጽ ወደሚከተለው ወደ ጂኦግራፊ ይቀይሩታል። ኢንዴክሱ የተሠራው ግን በጂኦሜትሪው ላይ ነው። ለፕላነሩ የተቀየረው ዓምድ ሌላ ነገር ነው፤ በእሱ ላይ የተሠራ ኢንዴክስ የለም። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ወይ ዓምዱን ከመጀመሪያው ጂኦግራፊ አድርጎ መፍጠር፣ ወይ ኢንዴክሱን በተቀየረው አገላለጽ ላይ መሥራት።

ከድሮ ካርታዎች ጋር የሚሠሩ ሰዎች ይህንኑ ስሕተት በሌላ መልክ ያውቁታል። የቆዩ የአገራችን ካርታዎች አዲንዳን በሚባል የቅየሳ መነሻ፣ በሜትር በሚለካው በዩቲኤም 37 ዞን የተዘጋጁ ናቸው፤ ከስልክ የሚመጣው የጂፒኤስ ነጥብ ደግሞ በሌላ መነሻ፣ በደብልዩጂኤስ 84 ነው። ሁለቱን ሳያስታርቁ ቢደራርቧቸው ነጥቦቹ በ200 ሜትር ገደማ ይንሸራተታሉ። ስለዚህ ሰው ነጥብን ከአንዱ መነሻ ወደ ሌላው የሚለውጠውን ኤስቲ_ትራንስፎርምን ይጠራል፤ ችግሩ ዓምዱ ላይ መጥራቱ ነው። ያኔ እያንዳንዱ ረድፍ መለወጥ አለበት፣ ኢንዴክሱም ይታለፋል። መለወጥ ያለበት አንዱ የመፈለጊያ ነጥብ ነው፤ ሰንጠረዡ ባለበት ይቀመጥ።

ይህን ሁሉ ሳይገምቱ ማወቅ ይቻል ነበር። ኩዌሪው ፊት ኤክስፕሌይን አናላይዝ የሚሉትን ቃላት መጨመር ብቻ ነው፤ ዳታቤዙ የተከተለውን መንገድ፣ ማለትም ፕላኑን፣ ያሳያል። «ሴክ ስካን» ካለ ሰንጠረዡ ከዳር እስከ ዳር ተነቧል ማለት ነው፤ ኢንዴክሱ መኖሩም አለመኖሩም ያኔ ለውጥ አያመጣም። ጸሐፊው የጊዜ መለኪያውን አሳይተውናል፣ ፕላኑን ግን አላሳዩንም። የሁለት ሩጫ ጊዜ እኩል ሲሆን መጀመሪያ የሚታየው ፕላኑ ነው።

ሁለት ተራ ዓምድ አይበቃም

ዋናው ክርክራቸው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰውም የሚስማማበት ይመስለኛል፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ እሄድበታለሁ።

መደበኛው ኢንዴክስ፣ ቢ-ትሪ፣ ነገሮችን በአንድ መስመር የሚደረድር ነው። ስም፣ ቀን፣ ዋጋ በአንድ መስመር ይደረደራሉ። ቦታ ግን ሁለት አቅጣጫ አለው። በኬክሮስና በኬንትሮስ ላይ ጥምር ኢንዴክስ ሲሠራ መስመሩ የሚደረደረው በኬክሮስ ነው፤ ኬንትሮስ የሚገባው እኩል ኬክሮስ ያላቸውን ለመለየት ብቻ ነው። የአሥርዮሽ ቁጥሮች ደግሞ እኩል የሚሆኑት ከስንት አንዴ ነው።

ምን ማለት እንደሆነ በአገራችን ካርታ ላይ እንየው። ከመስቀል አደባባይ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉትን መድኃኒት ቤቶች እንፈልግ። አደባባዩ 9.01 ኬክሮስና 38.76 ኬንትሮስ ላይ ነው። አሥር ኪሎ ሜትር በዲግሪ ሲመነዘር 0.09 ገደማ ስለሆነ የምንፈልገው ከ8.92 እስከ 9.10 ያለውን ኬክሮስ ነው። ኢንዴክሱ ይህን ክልል ይዞ ይነሣል። እዚያ ውስጥ የሚገባው አዲስ አበባ ብቻ ነው? አይደለም። አምቦ 8.98 ላይ ነው። ነቀምቴ 9.08 ገደማ ላይ ነው። በምሥራቅ በኩል ጭሮም እንዲሁ። ከምዕራብ ጫፍ እስከ ምሥራቅ ጫፍ አገሪቱን የሚያቋርጥ ጠባብ መቀነት ተነበበ ማለት ነው፤ ከዚያ ኬንትሮሳቸው እየታየ ይጣላሉ።

ጸሐፊው ይህን የገመቱት ይመስላል፤ «እንግዲያስ ሁለት የተለያዩ ኢንዴክሶች ይሠሩ፣ ፖስትግሬስ በቢትማፕ (የሁለቱን ውጤት በማመሳከር) ያጣምራቸዋል» ይላሉ። ያጣምራቸዋል። ግን ለማጣመር ሁለቱንም መቀነቶች ማንበብ አለበት። ሁለተኛው መቀነት ከ38.67 እስከ 38.85 ኬንትሮስ ያለው ነው፤ በእሱ ውስጥ ደግሞ አክሱም አለች፣ ፍቼ አለች፣ ባቱ አለች። በመስቀል አደባባይ ዙሪያ ያለ መድኃኒት ቤት ለማግኘት የአክሱምና የነቀምቴ ረድፎች ከኢንዴክስ ተነበው፣ በማስታወሻ ተይዘው፣ ተነጻጽረው መጣል አለባቸው። አንድ ሰው አንዴ ቢጠይቅ አይታወቅም። በየሰከንዱ ብዙ መቶ ሰው ሲጠይቅ ግን ሰርቨሩ ቀኑን ሙሉ ለሚጣል ነገር ሲሠራ ይውላል። ሰንጠረዡ የአገሪቱ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የመላው አፍሪካ ቢሆን ያው መቀነት ከሴራሊዮን ጠረፍ እስከ ሶማሊያ ጠረፍ ይዘረጋል።

አንቶኒን ጉትማን በ1984 እ.ኤ.አ. አር-ትሪ የተባለውን የስፓሻል ኢንዴክስ ዓይነት ያቀረበው ይህንኑ ለመፍታት ነው። አሠራሩ ለመረዳት አያስቸግርም። እያንዳንዱ ነገር፣ ነጥብም ይሁን መንገድ ወይም የወረዳ ድንበር፣ ዙሪያውን የሚከብ ትንሹ ሳጥን ይሰጠዋል። የተጠጋጉ ሳጥኖች በአንድ ገጽ ይሰበሰባሉ፤ ገጹም እነሱን ሁሉ የሚከብ የራሱ ሳጥን ያገኛል፤ እንዲህ እየተባለ እስከ ሥሩ ይደረሳል። ፍለጋው ከሥሩ ይጀምርና ከመፈለጊያው ሳጥን ጋር የማይነካካውን ቅርንጫፍ ሳይከፍት ያልፋል። የነቀምቴ ቅርንጫፍ ከላይ ይቀራል፣ ውስጡ ስንት ረድፍ እንዳለ እንኳ አይታይም።

ፖስትጂአይኤስ ይህን የሚሠራው በ1995 እ.ኤ.አ. ሄለርስታይን፣ ኖውተንና ፌፈር ባቀረቡት ጂስት በሚባለው ማዕቀፍ ላይ ነው። ሳጥኑ በአራት አጫጭር አሥርዮሽ ቁጥሮች ስለሚቀመጥ 16 ባይት ብቻ ይይዛል። በአንዱ የፖስትግሬስ ገጽ፣ ማለትም በ8 ኪሎባይት ውስጥ፣ ከመቶ በላይ ሳጥን ይገባል። ሦስት ደረጃ ያለው ዛፍ ታዲያ ከሚሊዮን በላይ ረድፍ ይሸከማል፤ አንዱን ሠፈር ለማግኘት የሚከፈቱት ገጾች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቁጥሮቹ አጫጭር መሆናቸው ዋጋ አለው፤ በእኛ ኬንትሮስ ላይ ግማሽ ሜትር ገደማ ትክክለኛነት ይጠፋል። ፖስትጂአይኤስ ስለዚህ ሳጥኑን ሁልጊዜ ወደ ውጭ ያጠጋጋዋል። የሚገባው ነገር አይቀርም፤ የማይገባ አንዳንድ ነገር ግን ሾልኮ ይገባል።

ጸሐፊው ይህን ሹልክታ እንደ ጉድለት ቆጥረውታል። አሠራሩ ራሱ ነው። ምስር መጀመሪያ በሰፌድ ይንገዋለላል፣ ከዚያ የቀረው ጠጠር በእጅ ይለቀማል፤ ሰፌዱ ጠጠር አሳለፈ ተብሎ አይወቀስም። ኢንዴክሱ በሳጥን ያንገዋልላል፤ ኤስቲ_ዲዊዚን የተረፉትን አንድ በአንድ በትክክለኛው ርቀት ይለቅማል።

ጂኦሀሽና የመስቀል አደባባይ ድንበር

ጂኦሀሽን ጉስታቮ ኒሜየር በ2008 እ.ኤ.አ. ነው ያስተዋወቀው፤ ሐሳቡ ግን የቆየ ነው፣ ጋይ ሞርተን በ1966 እ.ኤ.አ. ካቀረበው የዜድ ቅርጽ ድርድር ጋር ይዛመዳል። ምድርን በፍርግርግ ይከፋፍልና ለእያንዳንዱ ሕዋስ አጭር የፊደልና የቁጥር ኮድ ይሰጣል። ኮዱ በረዘመ ቁጥር ሕዋሱ ይጠባል፤ አምስት ፊደል ያለው ሕዋስ በምድር ወገብ አካባቢ 4.9 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርድና ቁመት አለው። ጸሐፊው «የሁለት ቦታ ኮድ አጀማመሩ አንድ ከሆነ ቅርብ ናቸው፤ በመደበኛ ኢንዴክስ አምስቱን ፊደል ማነጻጸር ይበቃል» ይላሉ።

አጀማመሩ አንድ ከሆነ ቅርብ መሆናቸው እውነት ነው። ቅርብ ከሆኑ አጀማመሩ አንድ ይሆናል ማለት ግን አይደለም፤ ፈላጊው የሚያስፈልገው ደግሞ ይኸኛው ነው።

ሩቅ ሳንሄድ ሒሳቡን እናድርገው። በአምስት ፊደል ደረጃ ኬንትሮስ ለ8,192 ይከፈላል፤ 360 ዲግሪ ለ8,192 ሲካፈል 0.0439453125 ይሆናል። ይህ በ882 ሲባዛ 38.7598 ይወጣል፤ እዚያ ላይ ቀጥ ያለ የሕዋስ ድንበር አለ ማለት ነው። አዲስ አበባ ስታዲየም 38.756 ላይ፣ መስቀል አደባባይ 38.761 ላይ ናቸው። ድንበሩ በሁለቱ መካከል ያልፋል! በእግር አሥር ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነው፣ ኮዳቸው ግን አምስተኛው ፊደል ላይ ይለያያል። በኬክሮስ በኩልም የሕዋሱ ቁመት ያው 0.0439453125 ነው፤ በ205 ሲባዛ 9.0088 ይሰጣል፤ ያ ደግሞ ከአደባባዩ በስተደቡብ 200 ሜትር ገደማ ላይ የሚያልፍ አግድም ድንበር ነው። ስለዚህ አራት ሕዋሶች የሚገናኙበት ማዕዘን መሐል ከተማ ላይ ወድቋል። የጸሐፊውን ኩዌሪ አደባባዩ ላይ ቆሞ ያስኬደ ሰው ስታዲየሙ አጠገብ ያለውን መድኃኒት ቤት አያገኝም፤ በሰሜን ምሥራቅ አራት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለውን ግን ያገኛል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ የራስን ሕዋስና በዙሪያው ያሉትን ስምንት ጎረቤቶች መጠየቅ፣ ከዚያ በትክክለኛው ርቀት ማጣራት። መረጃን በማስታወሻ የሚይዘው ሬዲስ የተባለው ዳታቤዝ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ በደንብም ይሠራል። ነገር ግን ጎረቤቶችን ሲዘረዝሩ፣ የሕዋስ መጠን ከርቀቱ ጋር ሲያመጣጥኑ፣ መጨረሻ ላይ ርቀት ሲያሰሉ ስፓሻል ኢንዴክስን በእጅ እየሠሩ ነው፤ «አያስፈልግም» የተባለውን። ፍርግርግ የራሱ ቦታ አለው። በየሠፈሩ ስንት ጥሪ እንደመጣ ለመቁጠር፣ መረጃን በብዙ ሰርቨሮች ላይ ለማከፋፈል፣ ኡበር በ2018 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የለቀቀውን ኤች3 የተባለውን የፍርግርግ ሥርዓት የመሰለ የለም። «በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለው የትኛው ነው?» ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ዲግሪ በኪሎ ሜትር ሲመነዘር

0.01 ዲግሪን እንደ 1 ኪሎ ሜትር ቆጥሮ መሥራት አዲስ አበባ ውስጥ ለምን እንደማያሳፍር ልንገራችሁ። ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። እዚህ አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 110.6 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ልዩነቱ ከአንድ በመቶ በታች ነው። ኮዱ እዚህ ተፈትኖ ያልፋል፤ ዴቨሎፐሩም ልክ ነው ብሎ ያምናል።

ያው አፕ በውጭ ላሉ ወገኖች ሲደርስ ነው ጉዱ የሚወጣው። ቴል አቪቭ ላይ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ወደ 94 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ ዋሽንግተን ላይ 87፣ ስቶክሆልም ላይ 57። በስቶክሆልም «በ0.01 ዲግሪ ውስጥ» ያለ ሰው ወደ ሰሜን 1.1 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ምሥራቅ ግን 570 ሜትር ብቻ ፈልጓል። ክቡ ክብ አይደለም፣ ቁመታም እንቁላል ነው፤ በስተምሥራቅ 800 ሜትር ላይ ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት አይታይም። ስሕተት የሚባል መልእክትም አይወጣም።

የጂኦግራፊ ዓይነት ዓምድ ይህን ሸክም ያነሣል፤ ርቀቱ በሜትር ይሰጣል፣ ስሌቱ በምድር ቅርጽ ላይ ይሆናል፣ ጂስት ኢንዴክስም ይቀበላል። ከተራ ጂኦሜትሪ ይልቅ ስሌቱ ይከብዳል፤ የሚሰላው ግን ኢንዴክሱ አንገዋሎ ላስተረፋቸው ብቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አያስጨንቅም። ሥራው በአንድ ከተማ ብቻ የሚወሰን ከሆነ ደግሞ ሁሉንም ወደ ዩቲኤም 37 ቀይሮ በሜትር መሥራት የበለጠ ፈጣን ነው።

እግረ መንገዴን፦ ፖስትጂአይኤስ ኬንትሮስን ነው የሚያስቀድመው፤ ሰው ግን ሲናገርም ሲጽፍም ኬክሮስን ያስቀድማል። ተገላብጦ የገባ የአዲስ አበባ ነጥብ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ይወድቃል። ኩዌሪው ባዶ ሲመልስ ኢንዴክሱን ከመጠርጠር በፊት ነጥቦቹን ካርታ ላይ ማፍሰስ ጥሩ ልማድ ነው።

ማይኤስኪውኤል

አጭር መልስ። የማይኤስኪውኤል ማከማቻ ሞተር የሆነው ኢኖዲቢ ከዕትም 5.7 ማለትም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስፓሻል ኢንዴክስ አለው። በ8.0 ላይ ዓምዱ የራሱ ኤስአርአይዲ (የመጋጠሚያ ሥርዓት መለያ ቁጥር) ካልተወሰነለት ኦፕቲማይዘሩ፣ ማለትም ፕላነሩ፣ ኢንዴክሱን አይነካውም፤ ብዙ ሰው «አይሠራም» የሚለው ይህን ሳያውቅ ነው። ኤስቲ_ዲስታንስ_ስፊር የሚባለውም እንደ ኤስቲ_ዲስታንስ ኢንዴክስ አይጠቀምም፤ ከፊቱ በሳጥን የሚያጣራ ቅድመ ሁኔታ በእጅ መጨመር ያስፈልጋል። ከፖስትጂአይኤስ ወደዚያ የሚዛወር ሰው ደግሞ በ8.0 ለ4326 (የደብልዩጂኤስ 84 መለያ ቁጥር) የሚቀድመው ኬክሮስ መሆኑን ልብ ይበል።

የክልል ድንበር ሲገባ

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያዩት ነገር እውነተኛ ነው። ነጥቦችን ከክልል ድንበሮች ጋር አጋጥመው «ይህ መድኃኒት ቤት የትኛው ክልል ውስጥ ነው?» ብለው ሲጠይቁ ኢንዴክሱ እያለም ቀርፋፋ ሆኖባቸዋል። ምክንያቱን ግን ኢንዴክሱ ለፖሊጎን ስለማይሆን ነው አሉ።

ኦሮሚያን እንውሰድ። ክልሉ ከምዕራብ ጠረፍ አካባቢ እስከ ሐረርጌ፣ በደቡብም እስከ ኬንያ ጠረፍ ይዘረጋል፤ ዙሪያውን የሚከበው ሳጥን ታዲያ እጅግ ሰፊ ነው። አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ሐረር፣ ድሬዳዋ፣ አርባ ምንጭ ሁሉም ሳጥኑ ውስጥ ይወድቃሉ፣ ከክልሉ ድንበር ውጭ ሆነው ሳሉ። ኢንዴክሱ «ሊሆን ይችላል» ብሎ ያሳልፋቸዋል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ነጥብ እልፍ ማዕዘን ካለው የድንበር መስመር ጋር ይነጻጸራል። ጊዜውን የበላው ይህ ሁለተኛው ሥራ ነው።

ከፖስትጂአይኤስ 2.2 ጀምሮ ኤስቲ_ሰብዲቫይድ የሚባል ፈንክሽን አለ። አንዱን ትልቅ ፖሊጎን ወደ ብዙ ትንንሽ ቁርጥራጮች ይከፋፍለዋል፤ ካልተነገረው በቀር እያንዳንዱ ቁራጭ ከ256 ማዕዘን አይበልጥም። ቁርጥራጮቹን በሌላ ሰንጠረዥ አስቀምጦ በእነሱ ላይ ኢንዴክስ መሥራት ነው። ያኔ ሳጥኖቹ ከክልሉ እውነተኛ ቅርጽ ጋር ይለጠፋሉ፣ ሐዋሳ ላይ ያለው ነጥብ ገና ከላይ ይቀራል፣ የሚነጻጸረውም ከአጭር መስመር ጋር ነው። ይህ አንዴ የሚሠራ ሥራ ነው፤ የክልል ድንበር በየቀኑ አይቀየርም።

ያለ ኢንዴክስ ይሠራ ቢባል ምን እንደሚመጣ ደግሞ ይታሰብ። 20,000 ነጥብና 1,000 የወረዳ ፖሊጎን ቢኖር 20 ሚሊዮን ንጽጽር ነው፤ እያንዳንዱም ንጽጽር የድንበሩን መስመር በሙሉ የሚዞር።

አምስቱን ቅርብ ለማግኘት

«ሁሉም ርቀት ካልተሰላ የትኛው ቅርብ እንደሆነ አይታወቅም» የሚለው ለዓመታት እውነት ነበር። ፖስትግሬስ 9.1 በ2011 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ አይደለም። ከዚያ ጀምሮ ጂስት ኢንዴክስን በቅርበት ቅደም ተከተል መጓዝ ይቻላል፦ ቅርብ የሆነው ሳጥን መጀመሪያ ይከፈታል፣ አምስቱ ሲሞሉ ይቆማል። የሚጻፈው ውጤትን በሚደረድረው በኦርደር ባይ ውስጥ ነው፣ የማነሻ ምልክት፣ ሰረዝና የመብለጫ ምልክት ተገጥመው በሚሠሩት የርቀት ኦፕሬተር (<->)፣ ቁጥሩን ከሚወስነው ከሊሚት ጋር። በመጀመሪያዎቹ ዕትሞች ቅርበቱ የሚለካው በሳጥኖቹ መካከል ስለነበር ለመንገድና ለድንበር መልሱ ግምት ነበር፤ ፖስትጂአይኤስ 2.2 ከፖስትግሬስ 9.5 ጋር ሲሆን እውነተኛውን ርቀት ይሰጣል። በኦርደር ባዩ ውስጥ ኤስቲ_ዲስታንስን የጻፈ ሰው ግን ወደ መጀመሪያው ችግር ተመልሷል፤ ያ ሁሉንም ያሰላል።

ጸሐፊው ሳያነሡት የቀረ፣ ቢያነሡት ግን የማልከራከራቸው ነገር አለ፦ ይህ ሁሉ የአሞራ በረራ ርቀት ነው። ጎሐ ጽዮንና ደጀን በአየር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ዳገቱን ሲወጣ እጥፍ ይሆናል። ከተማ ውስጥም ከቀለበት መንገዱ ማዶ ያለው መኪና በካርታ ላይ ቅርብ መስሎ መዞሪያ ፍለጋ ብዙ ሊጓዝ ይችላል። ስለዚህ ኢንዴክሱ ሃያ ዕጩ ያቅርብ፤ የመንገድ ርቀቱን የሚያሰላው ሌላ መሣሪያ ከሃያው አምስቱን ይምረጥ። የመንገድ ስሌት ውድ ስለሆነ ዕጩዎቹ ማነሳቸው እዚህ ላይ የበለጠ ይጠቅማል።

«መረጃዬ ትንሽ ነው»

ትንሽ ከሆነ ይተዉት። ጥቂት መቶ ረድፍ ላይ ፕላነሩ ራሱ ኢንዴክሱን ትቶ ሰንጠረዡን ያነባል፤ ልክም ነው።

የሚንቀሳቀሱ ተሽከርካሪዎች

ከነጥቦቻቸው ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው፤ ግማሹን እቀበላለሁ። ፖስትግሬስ ረድፍ ሲሻሻል አሮጌውን ትቶ አዲስ ቅጂ ይጽፋል። የተሻሻለው ዓምድ ኢንዴክስ ከሌለበት ኢንዴክሶቹን ሳይነካ የሚያልፍበት አቋራጭ አለው። ቦታው ራሱ ኢንዴክስ ሲኖረው ግን አቋራጩ ይዘጋል፤ በእያንዳንዱ መሻሻል የረድፉ ኢንዴክሶች ሁሉ አዲስ ግቤት ይጨመርባቸዋል። 5,000 መኪና በየ5 ሰከንዱ ቦታውን ቢልክ በሰከንድ 1,000 መሻሻል ነው። የሹፌሩ ስም፣ ታርጋው፣ ስልኩ፣ የሒሳብ ቀሪው ሁሉ በዚያው ሰንጠረዥ ላይ ካሉና አምስት ስድስት ኢንዴክስ ከተደረደረባቸው ዲስኩ ይጮኻል፣ ኢንዴክሱም በሞቱ ግቤቶች ያብጣል።

ከዚህ የሚከተለው ግን ኢንዴክሱን መጣል አይደለም። መጀመሪያ የአሁኑ ቦታ ለብቻው ጠባብ ሰንጠረዥ ላይ ይውጣ፦ የመኪናው መለያ፣ ነጥቡ፣ ሰዓቱ፣ ነጻ መሆን አለመሆኑ። ይህ ሰንጠረዥ ኃይል ቢቋረጥ ቢጠፋም ጉዳት የለውም፤ መኪናዎቹ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ እንደገና ይሞሉታል፤ ስለዚህ አንሎግድ፣ ማለትም የለውጥ መዝገብ የማይጻፍለት፣ ተደርጎ ቢፈጠር መዝገብ የመጻፉ ወጪ ይቀራል። ጂስት ኢንዴክሱ በነጻ መኪናዎች ላይ ብቻ በከፊል ይሠራ፤ ተሳፋሪ የያዘን መኪና ማንም አይፈልገውም። በጎዳና መጨናነቅ የቆመ መኪና ቦታው ሳይለወጥ በየ5 ሰከንዱ የሚልከውን ደግሞ ሰርቨሩ ከመጻፉ በፊት ማጣራት ይቻላል፤ ከ30 ሜትር በታች የተንቀሳቀሰ አይጻፍ ቢባል በአዲስ አበባ የማታ ሰዓት ምን ያህል ጽሕፈት እንደሚቀር ከመገናኛ ወደ ቦሌ አንዴ የሄደ ሰው ያውቃል። ይህም ካልበቃ የአሁኑ ቦታ ወደ ሬዲስ ይውጣ።

የጉዞ ታሪክ የሌላ ሰንጠረዥ ሥራ ነው። እሱ ላይ ይጨመራል እንጂ አይሻሻልም። በቀን ተከፋፍሎ በሰዓት ዓምዱ ላይ ብሪን የሚባለው ቀላል ኢንዴክስ ይበቃዋል፤ ረድፎቹ በመጡበት ቅደም ተከተል ስለሚቀመጡ ብሪን የሚይዘው የእያንዳንዱን ክምር መጀመሪያና መጨረሻ ሰዓት ብቻ ነው። ጂስት እዚያ ላይ የሚያስፈልገው አንድ ሰው «ባለፈው ወር በዚህ አደባባይ ያለፈው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ ነው፤ ያም ቀኑ ካለፈ፣ ክፍልፋዩም መጻፍ ካቆመ በኋላ ሊሠራ ይችላል።